የለቃሚዋ አምባር

ካፒቴኑ ባሕር አይቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ኋላ «ታዲያ በየት በኩል ካፒቴን ሆነ?» የሚል አይጠፋም። ካየው ውኃ ሁሉ ትልቁ ከከተማው በላይ ያለው ግድብ ነው፤ እሱንም ያየው በአጥር ቀዳዳ አጮልቆ ነው። ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ዋና አይችልም፤ ዝናብ ሲጥል እንኳ ከቤት መውጣት አይወድም። ቅጽል ስሙን ያገኘው በጎልማሳነቱ «የሩቁ ውኃ» የሚባል የድሮ የባሕር ልብ ወለድ ተርጉሞ ስላሳተመ ነው። ሰፈሩ መጽሐፉን ተቀባብሎ አንብቦ ሲያበቃ ተርጓሚውን ካፒቴን ብሎ ሾመው፤ ሹመቱም እስከ ዛሬ አልተሻረም።

መጽሐፉ ዓሣ አንበሪ ስለሚያድን መርከብ ነው። የከተሞች መብራት በዓሣ አንበሪ ዘይት ይነድ በነበረበት ዘመን አንድ ሸራው የተጣጣፈ መርከብ ለዓመታት ከባሕር ባሕር ይንከራተታል። ሰዎቹ ያንን ግዙፍ ፍጥረት በጦር ይወጋሉ፣ ስቡን ይገፍፋሉ፣ እዚያው መርከቡ ላይ በትልልቅ የብረት ድስት አቅልጠው በበርሜል ይሞላሉ። ካፒቴኑ ይህን ሁሉ ሲተረጉም ቃል እያጠረው ያልሄደበት ቦታ የለም። ለመርከቡ እንጨት ስም ፍለጋ አናጢዎች ዘንድ ተቀምጦ ውሏል፤ ምሰሶውንም ማገሩንም ወጋግራውንም ከቤት አሠራር ተበድሮ መርከቡን አቆመው። አንድ ቀልደኛ አንባቢ «መርከቡስ ደኅና ነው፤ ክዳን ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ነበር።

ከቃላቱ ሁሉ ግን የሚኮራው በአንዱ ነው፤ በዓንበር። በመጽሐፉ መካከል መርከበኞቹ አንድ የከሳና የታመመ፣ ስብ የሚባል ያልፈጠረበት ዓሣ አንበሪ ይገድላሉ። ልፋታቸው ሁሉ ከንቱ ሆኖባቸው ይማረራሉ። የመርከቡ በርሜል ሠሪ ሬሳውን ሲከፍት ካራው ያመልጠውና ሆዱ ውስጥ ይገባበታል፤ እጁን እስከ ትከሻው ሰዶ ሲፈልግ፣ በካራው ፋንታ አንድ ግራጫ ጓል ይዞ ይወጣል። ጓሉ መጀመሪያ በረት በረት ይሸታል። ነፋስ ሲያገኘው የደረቀ ሣር፣ ሰነባብቶ ደግሞ ስም የማይወጣለት መልካም መዓዛ ይሆናል። ሽቶ ቀማሚዎች አገር ላገር የሚያሳድዱት ይህንን ነው፤ ዓንበር ይሉታል። እንደ ካፒቴኑ አባባል ዓሣው ራሱ አንበሪ የተባለው በዚሁ በሆዱ ባለው ነገር ነው። ስለዚህ ሰው «ዓሣ ነባሪ» ሲል ከሰማ ጥርሱን ያፋጫል። «ነባሪ ምን ማለት ነው? የት ነው የሚነብረው? አንበሪ ነው! ስሙ እኮ ሆዱ ውስጥ ያለውን ይነግርሃል» ይላል።

እንግዲህ ይህ የተከበረ ቃል መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ አምባር ሆኖ ወጣ።

አምባር፤ ያው ሴት በእጇ የምታደርገው። በርሜል ሠሪው ከታመመ ዓሣ ሆድ አምባር አወጣ። አምባሩ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ መርከበኞቹም በየተራ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያሸቱታል። አንባቢ ይህን ሲያነብ ምንም ግር አላለውም። «የባሕር ሰው ነገር» ብሎ አለፈው፤ ከማለፍም አልፎ ወደደው። ከማይረባ ነገር ድንገት ደግ ነገር ሲገኝ «ከዓሣ ሆድ አምባር» ማለት ተጀመረ፤ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቀው ሳይቀር ይለው ጀመር።

ስህተቱን የሠራችው አንዲት የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ናት። ያኔ መጽሐፍ የሚታተመው የእርሳስ ፊደል ከሳጥን አንድ በአንድ እየተለቀመ፣ በመስመር እየተደረደረ ነበር። ለቃሚዋ «ዓንበር» የሚለውን ስታይ ተርጓሚው ቸኩሎ ፊደል ያዛባ መሰላት። መዝገበ ቃላት ገለጠች፤ የለም። አጠገቧ ያሉትን ጠየቀች፤ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በደግነቷ አረመችለት፤ ባገኘችው ቦታ ሁሉ አረመችለት። ካፒቴኑ በዚያ ሰሞን ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሎት ነበርና የእርማቱን ወረቀት ሳያይ መጽሐፉ ታተመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኋላ የወለዷት ልጃቸው ከሁለቱም አፍ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ አንድ ዓይነት አድርገው ተርከውት ግን አያውቁም። አባቷ ሲያወራው፣ መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ማተሚያ ቤት ገባና ረጋ ብሎ ጠየቀ። እናቷ ስታወራው፣ ድምፁ ከማተሚያው መኪና በላይ ይሰማ ነበር።

«ማን ነው ይሄን የለቀመው?»

«እኔ ነኝ» አለች ለቃሚዋ፣ በቀለም የጠቀረሸ እጇን አንሥታ። «ምን ጎደለብዎት?»

«ምን ተረፈልኝ በይ። ዓንበር ነው ያልኩት፣ ዓንበር!»

«ዓንበር ምንድን ነው?»

ቆሞ አስረዳት። ስለ ዓሣው አንጀት፣ ስለ ጓሉ፣ ስለ ሽቶ ቀማሚዎቹ፣ አንድም ሳያስቀር። እሷም እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

«እንግዲያ ፋንድያ ነው በሉኛ።»

«ፋንድያ አይደለም!»

«ከሆድ ወጣ፣ ሸተተ፤ ሌላ ምን ልበለው?» ክፍሉ በሳቅ አወካ። «እኔስ ደግ ነው የዋልኩልዎት። ሰው ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ከዓሣ ሆድ ምን ቢያወጣ ነው ደስ የሚለው? አምባር ነው እንጂ።»

ካፒቴኑ በማግስቱ ሌላ መዝገበ ቃላት ይዞ ተመለሰ። ሌላ ቀን የዓሣ ሥዕል ያለበት ትልቅ መጽሐፍ ተሸክሞ መጣ። እሷን ማሳመን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት፤ እሱም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ተመላለሰ። ሲመላለስ ሲመላለስ አገባት። የሥራ ባልደረቦቿ «ከዓሣ ሆድ ባል» አሉት። እሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «ለቃሚዋ» ነበር የሚላት።

በሌላው ነገር ሰላም ነበሩ፤ በዚህ ቃል ግን እንደተከራከሩ ኖሩ። እሱ ሳሎን ተቀምጦ ለእንግዳ ስለ ዓንበር ማውራት ሲጀምር፣ ከጓዳ «ፋንድያ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንድ ቀን እንኳ አምልጧት አያውቅም፤ ሽንኩርት እየከተፈችም ቢሆን ጆሮዋ ሳሎን ነበር። ካፒቴኑም በበኩሉ አቋም ያዘ፤ አምባር የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም አለ። ለሚስቱ የአንገት ሐብል ገዝቶላታል፣ የጆሮ ጌጥ ገዝቶላታል፣ የእጅ ሰዓትም ገዝቶላታል። አምባር ግን ወይ ፍንክች። «ሴቱ ሁሉ እጁ ሲንቃጨል እኔ በፊደል ጦስ ባዶ እጄን ቀረሁ» ትላለች ለጎረቤት፣ እሱ እየሰማ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ነው ያገባሁት።» ካፒቴኑ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ከፍ አድርጎ ይስቃል።

ለቃሚዋ ባለፈው ዓመት ሞተች። ሕመሙ ብዙ አላቆያትም። ከሷ በኋላ በቤቱ የሚከራከር ሰው ጠፋ። የካፒቴኑ ዓይንም እሷን የጠበቀ ይመስል ወዲያው ደከመ፤ አሁን ከብርሃንና ከጥላ በቀር ብዙ አይለይም። ሰው ሲመጣ በአረማመዱ ያውቃል፤ መጽሐፎቹን በጀርባቸው እየዳሰሰ ይለያቸዋል፤ ማንበብ ግን ቀረ።

ልጁ በዚያው ማተሚያ ቤት አራሚ ናት። የእርሳስ ፊደሉ ቀርቶ ሁሉ ነገር ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ቆይቷል፤ እሷ ግን ሥራውን የምትሠራው እናቷ እንዳስተማረቻት ነው። ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ ታጋድማለች፤ ከማስመሪያው በላይ ያለውን መስመር ብቻ ታያለች፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። «ፊደል እንደ ሩዝ ነው» ትላት ነበር እናቷ፣ «በጅምላ ካየሽው ነጭ ነው፤ አንድ በአንድ ካልለቀምሽው ጠጠሩ ጥርስሽን ይሰብረዋል።» በዚህ አሠራር ስም አትርፋለች። ባል አላገባችም፤ ለምን ብሎ ለሚጠይቃት «የመጡት ሁሉ የፊደል ግድፈት ነበረባቸው» ትላለች።

የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን ጠርቷት «የሩቁ ውኃ» እንደ አዲስ ሊታተም መሆኑን ነገራት። መጽሐፉ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ አልቋል። «አባትሽ የሚያርሙት ነገር ካለ አሁን ነው» አላት። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። አባቷ ምን እንደሚያርም ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም።

ለአባቷ ሳትነግረው ሰነበተች። የነገረችው ቅዳሜ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቤት እጁን ይዛ ስትወስደው ነው፤ እሱም ዜናውን ሰማና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ወሬ ከእጁ የሚፈጥን ሰው ነው። የካፒቴኑን ጉንጭ አረፋ ቀባብቶ ምላጩን ሲያነሣ ጨዋታውንም አነሣ።

«ካፒቴን፣ ሰሞኑን ምን እንደገጠመኝ ልንገርዎት? የተሳፈርኩባት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽታ ጉድ አደረገችን። ሽታው አይነሣ፣ ሙቀቱ አይነሣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። እኔም ውኃዬን ሰጠኋት። ይኸውልዎት፣ ልንጋባ ነው። ከዓሣ ነባሪ ሆድ አምባር ይሏል ይሄ ነው።»

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነበርና ካፒቴኑ መልስ መስጠት አልቻለም። አራሚዋ ከኋላ ቆማ በመስተዋቱ ውስጥ አየችው። ነባሪም አምባርም ባንድ ትንፋሽ ሲጠሩ፣ ከአረፋው ሥር ያለው ፊት ቀስ እያለ ሲቀላ አየች። «እንኳን ደስ ያለህ» አለ አባቷ ምላጩ ሲነሣለት።

ለዜናዋ መልሱን ያመጣው ወደ ቤት ሲሄዱ ነው። ክንዷን ይዞ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ ከተዘጉት ሱቆች ጥላ ሥር ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር።

«አንድ ቃል ብቻ ነው የማርመው» አለ።

«አባዬ...»

«ዓንበር ተብሎ ይግባልኝ። ሌላውን አልነካም፤ ወጋግራውም ማገሩም እንዳለ ይቅር። በዓይኔ ባላየው እንኳ በጆሮዬ ልስማው። አንዴ በትክክል ታትሞ ልሙት።»

«ሰው ሁሉ እኮ አምባር ብሎ ነው የሚያውቀው። ደግሞ ወዶታል።»

«ሰው ሁሉ ተሳስቷላ። የአፍ ወለምታ ነው በቅቤ የማይታሸው፤ የፊደል ወለምታ በእርማት ይታሻል።»

«እማዬስ?»

ቆመ። «እናትሽ ምን?»

«እዛ መጽሐፍ ላይ የደራሲው ስም አለ፣ ያንተ ስም አለ፣ የማተሚያ ቤቱ ስም አለ። ዕድሜዋን ሙሉ ያን ሁሉ መጽሐፍ ስትለቅም አንዱ ላይ እንኳ ስሟ አልተጻፈም። በዓለም ላይ የሷ ነው የሚባል አንድ የታተመ ነገር ቢኖር ያቺ ቃል ናት። እሷን ካነሣሃት ምን ቀራት?»

«ስህተት እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ስህተት መሆኑንማ አውቃለሁ። እንጀራዬ ነው።»

ካፒቴኑ ባዶውን መንገድ የሚያይ ይመስል ፊቱን አዞረ። «ብተወው እሷ ራሷ ትስቅብኛለች» አለ። «ስትኖር ተከራክሬያት ስትሞት ብሸነፍላት፣ አዝኖ ነው ትለኛለች። አርሚው።»

አራሚዋ ክንዷን አስይዛው መንገዱን ቀጠለች። ተናዳ ነበር፤ ከንዴቷ የሚበልጠው ግን ሐዘኗ ነው። ለአባቷ ጉዳዩ መጽሐፉ ነው። ለሷ ጉዳዩ እናቷ ናት፤ እናቷን በገዛ እጇ ከመጽሐፍ እንድትፍቅ ታዝዛለች። እምቢ እንዳትለው መጽሐፉ የሱ ነው፤ የሚያየውም በእሷ ዓይን ነው።

ሰኞ ቢሮዋ ገብታ የመጽሐፉን ፋይል ከፈተች። መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛዋ ላይ ማስመሪያዋ፣ ቀይ ብዕሯ፣ የተሸረፈ የሻይ ብርጭቆዋ እንደወትሮው ተደርድረዋል። ከታች የማተሚያው መኪና ወለሉን ያንዘፈዝፈዋል። የመጀመሪያውን ቦታ አገኘችው፤ «‹አምባር› አለ በርሜል ሠሪው» ይላል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። ቃሉን ስታየው የእናቷ እጅ ታያት፤ ከሳጥኑ ውስጥ አ-ን፣ ከዚያ ም-ን፣ ከዚያ ባ-ን የለቀመው፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋው እጅ። እንዲህ እያለች አንድ በአንድ ብትሄድ ሥራው እርማት መሆኑ ቀርቶ እርም ማውጣት ሊሆንባት ነው። አልቻለችም።

ስለዚህ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ሥራውን ለኮምፒውተሩ ሰጠችው። ያገኘኸውን ሁሉ ባንዴ ለውጥ አለችው። በኛ ፊደል ደግሞ ቃል መጨረሻው አይረጋም፤ አንዴ አምባር፣ አንዴ አምባሩ፣ አንዴ አምባሬ ይሆናል። ስለዚህ «አምባ» የሚለውን ባየህበት «ዓንበ» አድርገው ብላ አዘዘችው። ኮምፒውተሩ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ጨረሰ። አራሚነቷን ግን ፈጽማ አልረሳችም። መርከበኞች በተሰበሰቡበት አምባጓሮ አይጠፋምና «ዓንበጓሮ» የሆነውን ሁሉ ፈልጋ መለሰችው፤ በአንዱ ወደብ የሚሳፈረውን አምባሳደርም «ዓንበሳደር» ሆኖ ከመዋረድ አዳነችው። ከዚህ ወዲያ የቀረ ነገር የለም ብላ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ፋይሉን ዘግታ ወጣች።

የእርማቱ ወረቀት ታትሞ ሲመጣ ካፒቴኑ መጽሐፉን በሙሉ ካልሰማሁ አላሳልፍም አለ። ከሥራ መልስ በየቀኑ ሳሎን መስኮት አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እሱ ከረጅሙ ወንበሩ ላይ፣ እሷ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። ሻይ ታቀርብለታለች፤ ታነብለታለች። የምታነበው እንደ አራሚ ነው፤ ድምፅ ሳታሳምር፣ የተጻፈውን ብቻ። አራሚ መጻፍ የነበረበትን ካነበበ አበቃለት። አባቷ አልፎ አልፎ የገዛ ትርጉሙን እየሰማ «ይቺንስ አሳምሬያት ነበር» ይላል፣ ወይም «ይሄን ደግሞ ምን ነክቶኝ ነው?» ይላል።

የታመመው ዓሣ አንበሪ ጋ የደረሱ ዕለት ዘገም ብላ አነበበች። ካፒቴኑ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ አገጩን በትሩ ላይ አሳረፈ።

«...ካራውን አላገኘም። በጣቶቹ መካከል አንድ ግራጫ ጓል ይዞ ወጣ። አሸተተው። ‹ዓንበር› አለ በርሜል ሠሪው በሹክሹክታ።»

«ድገሚው» አለ አባቷ።

ደገመችው።

«ልክ ነው» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ጓዳው በር አዞረና እንደዚያው ቆየ። መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ነው የተረዳችው፤ ይጠብቅ ነበር። ከጓዳ ግን ምንም አልመጣም፤ የቧንቧው ጠብታ ብቻ ነበር የሚሰማው። ይህን ያህል ዘመን የተከራከረለትን ቃል አገኘው፤ የሚረታው ሰው ግን ቤት ውስጥ አልነበረም። አራሚዋ ሲደሰት አይታ ልትቀየመው ተዘጋጅታ ነበር፤ መቀየሚያ አጣች።

«ቀጥዪ» አለ ካፒቴኑ። ሻዩ ሳይጠጣ በረደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ንባቡ ሥራ ብቻ ሆነ። «አሳምሬያት ነበር» ማለትም ቀረ። ማዕበሉም አለፈ፣ ሕመሙም አለፈ፣ መርከቡ ግማሽ ሰዎቹን ባሕር ላይ ትቶ ወደ አገሩ ዞረ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበበችለት ፀሐይ ምንጣፉ ላይ በተዘረጋችበት ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ምዕራፍ የመርከቡ አዛዥ ሚስት ወደቡ ላይ ቆማ ባሏን ትጠብቃለች። አራሚዋ በዚያው ደረቅ ድምፅዋ ታነባለች።

«...ሴትየዋ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ ቆማ ነበር። ሸራውን ስታይ ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች። ዓንበሯ በፀሐይ አብረቀረቀ፤ እጇን ስታወዛውዘውም ከሩቅ ተንቃጨለ። መርከበኞቹም...»

አቆመች።

መስመሩን በጣቷ መልሳ ሄደችበት። ከአምባጓሮ አምልጣ፣ ከአምባሳደር አምልጣ፣ በመጽሐፉ ውስጥ እውነተኛ አምባር መኖሩን ረስታለች። ለካ በዚያ ሁሉ የውሸት አምባር መካከል አንዲት ሴት እጅ ላይ የተደረገ የእውነት አምባር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላዋለች። እሷ፣ ማስመሪያ ሳታጋድም መስመር የማታልፈው።

«ምን አልሽ?» አለ አባቷ።

«ይቅርታ አባዬ፣ ተሳስቼ...»

«የተጻፈውን አንብቢው።»

«ዓንበሯ በፀሐይ አብረቀረቀ» አለች ቀስ ብላ። «እጇን ስታወዛውዘውም ከሩቅ ተንቃጨለ።»

ካፒቴኑ ራሱን ደፋ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኩት ብላ ወረቀቱን ጥላ ተነሣች፤ ጠጋ ስትል ግን እየሳቀ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያልሰማችው ሳቅ ነው፤ ድምፅ የሌለው፣ ጋዜጣ ጀርባ ተሸሽጎ ይስቀው የነበረው ዓይነት።

«ተንቃጨለ!» አለ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ። «ፋንድያው ተንቃጨለ። አንቺ ልጅ፣ እንዴት አድርገሽ ነው?»

ነገረችው። «አንድ በአንድ ማየት አልቻልኩም» አለችው። «እሷን የማጠፋት መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ባንዴ ለወጥኩት።»

ካፒቴኑ ሳቁን ጨረሰ። «አወይ የለቃሚዋ ልጅ» አለ በመጨረሻ።

እሷም ፊቷን አባብሳ ቀይ ብዕሯን አነሣች። ክዳኑ ሲነቀል ሰማው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላርመው ነዋ።»

«ተዪው።»

«እንዴ አባዬ፣ ስህተት እኮ ነው። ደግሞ የኔ ስህተት ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

እጁን ዘረጋ። አየሩን ዳብሶ ክንዷን አገኘው፤ ወረድ ብሎ የእጅ አንጓዋን ያዘ፤ አምባር የሚደረግበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። እንዲህ አድርጎ ይዟት አያውቅም።

«እናትሽ ባዶ እጇን ነው የሄደችው» አለ። «ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። ነገ እገዛላታለሁ እያልኩ፣ ቀልዱ እንዳያልቅብኝ እየፈራሁ። ቀልዱ ሳያልቅ እሷ አለቀች።» አንጓዋን እንደያዘ ቀጠለ። «ዓሣው የራሱን አግኝቷል። ይቺ ደግሞ የሷ ትሁን። የኔን ቃል እጇ ላይ አድርጋ ወደቡ ላይ ትቁም።»

አራሚዋ አለቀሰች። ካፒቴኑ እጇን አልለቀቀም።

«አንባቢ ይናደዳል» አለች ቆይታ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ይናደድ። የተናደደ አንባቢ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። መጽሐፉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ማተሚያ ቤት ይመጣል። ማን ነው ይሄን የሠራው ብሎ ይጮኻል።» ፊቱን ወደሷ አዞረ። «አንቺ እዚያው ነሽ አይደል?»

«አንተ ሰውዬ» አለች እየሳቀች፤ ክዳኑን ብዕሩ ላይ መለሰችው።

የቀሩትን መስመሮች አንብባለት ጨረሰች። ወረቀቱን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የበረደውን ሻይ ልታሞቅ ጓዳ ገባች። ምድጃውን ለኩሳ ማንቆርቆሪያውን ስትጥድ፣ አባቷ ሳሎን ውስጥ ለብቻው ቃሉን ሲሞክረው ሰማችው።

«ዓንበር» አለ፤ ከፍ አድርጎ አልነበረም።

«ፋንድያ!» አለች ከጓዳ።